የላባ ዝንብና የወንዝ ዳር ተረብ

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ አንዲት ዝንብ አለች፤ ሕይወት የላትም፤ ከአውራ ዶሮ ላባ፣ ከሐር ክርና ከትንሽ መንጠቆ የተሠራች ናት። ይህች ዝንብ ጋን ባትከፍትም ዳኛውን ከችሎቱ፣ ነጋዴውን ከሱቁ፣ ጠበቃውን ከመዝገቡ እየነጠለች ወደ ወንዝ ዳር ታወጣቸዋለች። አውጥታም እንደ ልጅነት ጓደኛ እርስ በርሳቸው ሲተራረቡ እንዲውሉ ታደርጋለች።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባብያን የምናቀርበው የእነዚህን ሰዎች ወግ ነው። ስለ ዓሣ ማጥመድ ብልኃት ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ነገሩ ለአጥማጁ እንጂ ለሌላው ሰው ላይጥም ይችል ነበር። እኛን ያስገረመን ግን ከዓሣው ይልቅ ጨዋታው ነው። ዓሣውን ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ ጨዋታውን ግን አያጡትም። በዚህ ጨዋታ የጸና ወዳጅነት አለ፤ ጨዋታው ሲጠፋ የፈረሰ ወዳጅነትም አለ። ሁለቱንም በየተራ እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዝንቢቱ ምን ዓይነት ናት?

ተራው አጥማጅ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይሰካል፤ ወደ ውኃው ይጥላል፤ ዓሣው እስኪመጣም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዝንብ የሚያጠምደው ሰው ሥራ ግን ሌላ ነው። ትራውት የሚባለው ቆዳው ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ቀዝቃዛና ጥርት ባለ ወንዝ ይኖራል። ከሚመገባቸውም ነገሮች ዋነኞቹ በውኃ ውስጥ አድገው፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ክንፍ አውጥተው የሚበሩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። አጥማጁም የእነዚህን ነፍሳት መልክ ከላባ፣ ከጠጉርና ከሐር ክር ሠርቶ በመንጠቆ ላይ ያስራል።

እንዲህ ያለው መንጠቆ በጣም ቀላል ስለ ሆነ እንደ ጠጠር ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ክብደቱ ያለው በገመዱ ላይ ነው። አጥማጁ ዘንጉን ይዞ፣ እረኛ ጅራፉን እንደሚያዞር፣ ገመዱን ከራሱ በላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያመላለሰ ይዘረጋዋል፤ በመጨረሻም ዝንቢቱን በውኃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ገመዱ ውኃውን በኃይል ከመታው ዓሣው ደንግጦ ይሸሻል፤ የቀኑም ድካም ከንቱ ይሆናል።

ብልኃቱ የትናንት አይደለም። ኤልያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በ200 ዓ.ም. ገደማ ስለ መቄዶንያ ሰዎች ሲጽፍ፣ ስማቸውን ከሐዋርያት ሥራ በምናውቃቸው በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል አስትራዮስ የሚባል ወንዝ እንዳለ ይናገራል። የዚያ አገር አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ይጠቀልሉ፣ በዚያም ላይ ከአውራ ዶሮ የተነቀሉ ሁለት ላባዎች ያስሩ ነበር። ዘንጋቸውም ገመዳቸውም ስድስት ስድስት ጫማ ያህል ነበር። እንግዲህ ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ወንዝ ዳር የቆመው ሰው በእጁ የያዛት ዝንብ የመቄዶንያይቱ የልጅ ልጅ ናት ማለት ነው።

መተራረብ ስለ ምን?

የዚህ ሁሉ ጨዋታ መሠረቱ አለመቻል ነው። በዝንብ የሚያጠምድ ሰው ዘወትር ይሸነፋል። ገመዱ ከኋላው ካለ ዛፍ ይጠላለፋል፤ ነፋስ ይመልስበታል፤ መንጠቆው የራሱን ካፖርት ይይዛል፤ አለቱ አንሸራትቶት እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዓሣው ቢመጣ እንኳ ክሩን በጥሶ ይሄዳል። ይህን ያህል ጊዜ የተሸነፈ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ ወይ ይናደዳል ወይ ይስቃል። የሚናደደው ዘንጉን ሸጦ ይገላገላል። የሚስቀው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በወንዝ ዳር ዓመታት የቆየ ሰው ብታገኙ የሚስቀው እንደ ሆነ ዕወቁ።

ማታ ወንዙን ለቀው እሳት ዳር ወይም ማደሪያ ቤት ሲሰበሰቡ የሚሰማው ተረብ ይህን የመሰለ ነው።

«ዛሬ ስንት ያዝህ?» ይለዋል አንዱ።

«ሁለት ዛፍና አንድ ባርኔጣ» ይላል ሌላው።

«ባርኔጣው የማን ነበር?»

«የራሴ ነዋ!»

«ታዲያ መዝነህ ወደ ውኃው መለስኸው ወይስ ይዘኸው መጣህ?»

ያገራችን አዳኝ አንበሳ የገደለ እንደ ሆነ ይፎክራል፤ የሚፎክረውም በጣለው አውሬ ነው። የዝንብ አጥማጅ ፉከራ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፎክረው ባመለጠው ነው። ያመለጠውም ዓሣ በየቀኑ ያድጋል። ሰኞ አንድ ክንድ የነበረው ለእሑድ ሁለት ክንድ ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ተረት እንደ እርሱ ያለውን ሰው ሳያይ የተተረተ አይመስልም። ሆኖም ጓደኞቹ ውሸታም ብለው አይዘልፉትም። የየራሳቸውን ያመለጠ ዓሣ እያሰቡ «እጅህን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው፣ ሰው ይገባል፣ በሩን ዘጋኸው» ይሉታል እንጂ።

ይህ ተረብ ሕግ የለውም ቢባልም ልማድ አለው። ሰው ሌላውን ከመጎንተሉ በፊት በራሱ ይስቃል። የሚሳቀውም በሰውዬው ድህነት ወይም በመልኩ ሳይሆን በአወራወሩ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ነው። ያን ቀን ዓሣ ያገኘው ሰው ያገኘበትን ዝንብ ከባርኔጣው ነቅሎ ባዶ እጁን ለገባው ይሰጠዋል። የሚደበቅ ነገር ቢኖር የወንዙ ሥፍራ ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረውና በሮበርት ትሬቨር ስም መጻሕፍት የጻፈው ጆን ቮልከር በ1950ዎቹ መጨረሻ ከዳኝነት ወንበሩ የተነሣው ለመጻፍና ለማጥመድ ነው። ይህ በችሎት ላይ ምስክሮችን እውነቱን ተናገሩ ሲል የነበረ ሰው የሚወዳትን ኩሬ ሥፍራ ግን በጥንቃቄ ይሰውር ነበር።

ሽማግሌውና ወጣቱ

የዚህ ጨዋታ አባት ተብሎ የሚጠራው እንግሊዛዊው አይዛክ ዎልተን ነው። ዎልተን ለንደን ውስጥ ባለሱቅ የነበረ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ጭምት ሰው ነው። የኖረበት ዘመን ግን ጭምት አልነበረም። እንግሊዞች በንጉሥና በምክር ቤት ተከፍለው እርስ በርስ ተዋጉ፤ በ1649ም ንጉሡን ቀዳማዊ ቻርልስን በሞት ቀጡ። ዎልተን የንጉሡ ወገን ስለ ነበረ ወገኑ ተሸንፏል። የዓሣ ማጥመድ መጽሐፉን ያሳተመው ከዚህ በኋላ በ1653 ነው። በሁለተኛው እትም በ1655 ሦስት መንገደኞችን አገናኝቶ ያጫውታል፤ አንዱ አጥማጅ፣ አንዱ አዳኝ፣ አንዱ በጭልፊት ወፍ የሚያስይዝ ነው። ሦስቱም የእኔ ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ፤ ግን ማንም ሰይፍ አይመዝዝም። ክርክር ደም ባፈሰሰበት አገር በክርክር ተሳስቆ መለያየት እንደሚቻል ማሳየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ዎልተን ግን በትል እንጂ በዝንብ የማጥመድ ብልኃቱ እምብዛም ነበር። ይህን የሞላለት ቻርልስ ኮተን የተባለው ወዳጁ ነው። ሁለቱ ሰዎች በምንም አይመሳሰሉም። ዎልተን የተወለደው በ1593፣ ኮተን በ1630 ነው። ዎልተን ቁጥብ ነጋዴ፣ ኮተን ዕዳ ያጎበጠው ባለርስት ነው። ዎልተን የቅዱሳን ሰዎችን ታሪክ ሲጽፍ፣ ኮተን የጻፋቸው አንዳንድ ግጥሞች በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚነበቡ አልነበሩም። ሆኖም ሽማግሌው ወጣቱን እንደ ልጁ፣ ወጣቱም ሽማግሌውን እንደ አባቱ ያዩ ነበር። ኮተን በ1674 ደቭ በሚባለው ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት አሠራ፤ በበሩም ላይ የሁለታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጣምሮ አስቀረጸ። ቤቲቱ ዛሬም ቆማለች።

ዎልተን ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1676 ለወጣው አምስተኛ እትም ኮተን ስለ ዝንብ የሚናገረውን ሁለተኛ ክፍል በዐሥር ቀን ገደማ ጽፎ ላከለት። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ተረብ አለ። በለንደን የሚሠሩት ዝንቦች ሆዳቸው ወፍራም ስለ ሆነ ለደቭ ወንዝ አይበጁም ይላል፤ ይልቁንም በእንግዳ መቀበያው መስኮት ላይ ተሰቅለው ቢሳቅባቸው ይሻላል ይላል። ዎልተን የለንደን ሰው መሆኑን አስቡ። ዘለፋው ዞሮ ዞሮ እርሱንም ይነካል። ሽማግሌው ግን አልተቀየመም፤ ጽሑፉን ከራሱ መጽሐፍ ጋር አጣምሮ አሳተመው። ልጁ አባቱን እየጎነተለ የማያውቀውን አስተማረው፤ አባቱም እየሳቀ ተማረ። የተረብ ጥቅሙ ይህ ነው። ትምህርት ከሚያውቀው ወደማያውቀው ሲሻገር ኩራት በመካከል ቆሞ መንገድ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ጨዋታው ሕግ ሲሆን

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንዲሁ ባለ ወዳጅነት የተጀመረ ሌላ ነገር ግን ፍጻሜው አላማረም። በ1879 ዊንቸስተር በሚባለው ከተማ በአንድ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ፍሬዴሪክ ሃልፎርድና ጆርጅ ሰልዊን ማርያት የተባሉ ሁለት ሰዎች ተዋወቁ። ሃልፎርድ ሁሉን ነገር በመዝገብ የሚጽፍ ትጉህ ሰው ነው፤ ማርያት ደግሞ በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ አጥማጅ የለም ይባልለት ነበር። አብረው ነፍሳቱን እየሰበሰቡ፣ ላባውን እየመረጡ ዓመታት ደከሙ። ሃልፎርድ በ1886 ተንሳፋፊ ዝንቦችን ስለ መሥራት የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያወጣ የማርያት ስም ከስሙ ጎን እንዲቆም ለመነው። ማርያት ግን እንቢ አለ። ከወዳጁ ጋር የተጫወተውን ነገር በስሙ መያዝ አልፈለገም።

ሃልፎርድ ያስተማረው «ደረቅ ዝንብ» ይባላል። ዝንቢቱ ሳትሰጥም በውኃው ፊት ላይ ትንሳፈፋለች፤ አጥማጁም ሲመገብ በዓይኑ ወዳየው ዓሣ ብቻ ከታች ወደ ላይ ይወረውራታል። ከጠመኔ ድንጋይ ሥር በሚመነጩት እንደ መስታወት በጠሩ የደቡብ እንግሊዝ ወንዞች ላይ ይህ እጅግ ያማረ ብልኃት ነው። ክፋቱ ግን ከጊዜ በኋላ ብልኃትነቱ ቀርቶ ሕግ መሆኑ ነው። ከዚህ ሌላ በሆነ መንገድ የሚያጠምድ ሰው እንደ ጨዋ ሰው የማይቆጠርበት ቀን መጣ።

በዚያው አካባቢ ኢችን በተባለው ወንዝ የሚያጠምድ ጆርጅ ስኪውዝ የሚባል የለንደን ጠበቃ ነበር። ስኪውዝ ትዳር ያልያዘ፣ ዓይኑ ደካማ፣ ነገር መርማሪ ሰው ነው። የያዘውን ዓሣ ሆድ በቀጭን ማንኪያ እየጨለፈ በነጭ ሳሕን ላይ ይዘረጋው ነበር። በሳሕኑ ላይ ያየው ግን አብዛኛው ክንፍ ያወጣ ዝንብ ሳይሆን ገና በውኃ ውስጥ ያለ እጭ ነው። እንግዲያስ ዓሣው ከውኃ በታች ሲበላ እኛ ከውኃ በላይ ስለ ምን እንጠብቀዋለን ብሎ እጩን የሚመስል መንጠቆ አሠርቶ ተሳካለት። በ1910ም ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣው። እንደሚተረከው፣ ሃልፎርድ አንድ ቀን በለንደን የዝንብ አጥማጆች ማኅበር ቤት አግኝቶት በመጽሐፍህ እንደ ጻፍኸው አድርጎ በኢችን ማጥመድ አይቻልም አለው። ስኪውዝም እኔ ግን አድርጌዋለሁ ብሎ መለሰለት ይባላል።

ይህ መልስ የተረብ መልስ ነው፤ ቢሳቅበት ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ሃልፎርድ በ1914 ሞተ፤ ተከታዮቹ ግን ከእርሱ ይልቅ ጠንካሮች ሆኑ። በ1884 በተመሠረተው በዚሁ ማኅበር ውስጥ በየካቲት 1938 ስለ እጩ ዝንብ ትልቅ ክርክር ተደረገ። ስኪውዝ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰማንያ ሊሞላ ነበር። ከ1883 ጀምሮ ኀምሳ አምስት ዓመት ያጠመደበትን አቦትስ ባርተን የተባለውን ሥፍራ፣ ከውኃው ተጋሪዎች ጋር በእጩ ዝንብ ምክንያት ስላልተስማማ፣ በዚያው ዓመት ተሰናበተ። ዛሬ በዚያ ወንዝ ዳር በስሙ የቆመ የመታሰቢያ መቀመጫ አለ። ያስለቀቀው የእጩ ዝንብ አጠማመድም በእነዚያው ወንዞች በብዙ ሥፍራ የተፈቀደ ነገር ሆኗል። ሰውዬው ግን ወንዙን ከለቀቀ በኋላ ነው። ማንኪያና ሳሕን ይዞ የመጣውን ሽማግሌ «ዛሬ ደግሞ ዓሣው ምን ቁርስ በላ?» ብለው ቢስቁበትና ሳሕኑን ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ኖሮ ወዳጅም ዕውቀትም ባተረፉ ነበር።

የማያልቀው ዓሣ

ስኪውዝ ይህ ሁሉ ሆኖበትም የሳቅ ሰው ነበር። በ1932 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አጭር ተረት አለ። ካስትዌል የሚባል አጥማጅ ይሞታል፤ ነፍሱንም ወደ አንድ ውብ ወንዝ ይወስዷታል። እዚያም በመጀመሪያው ውርወራ ትልቅ ዓሣ ይይዛል። ደግሞ ይወረውራል፤ ልክ የፊተኛውን የሚያህል ሌላ ዓሣ ይይዛል። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ ዐሥረኛውም እንዲሁ ነው። ገነት ገባሁ ብሎ የተደሰተው ሰው እየቆየ ይሰለቻል። ሌላ ሥፍራ ልሂድ ቢል አይፈቀድለትም፤ ልረፍ ቢልም አይፈቀድለትም። በመጨረሻም የገባው ገነት ሳይሆን ሲኦል መሆኑ ይገለጥለታል።

ይህን ተረት አጥማጆች እርስ በርሳቸው ደጋግመው ይተርኩታል። ዓሣው ሳይለፋ ከተገኘ የሚተረክ ነገር የለም፤ የሚተረክ ነገር ከሌለ ደግሞ የሚያዳምጥ ጓደኛ አያስፈልግም። ካስትዌል ብቻውን የቆመው ለዚህ ነው።

ብቸኝነት ሲነሣ ቴዎዶር ጎርደን ሊረሳ አይገባም። ጎርደን በ1854 ተወልዶ በ1915 የሞተ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ጤና ስላልነበረው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ባሉት በካትስኪል ተራሮች፣ ኔቨርሲንክ በሚባል ወንዝ ዳር ብቻውን ይኖር ነበር። በ1890 ውቅያኖስ ተሻግሮ ለሃልፎርድ ደብዳቤ ጻፈ። ሃልፎርድም አይቶት ለማያውቀው ለዚህ ሰው ደረቅ ዝንቦችን በፖስታ ላከለት። ጎርደን እነርሱን አይቶ ለአሜሪካ ፈጣን ወንዞች የሚስማሙ የራሱን ዝንቦች ሠራ። በኋላም ከስኪውዝ ጋር እስኪሞት ድረስ ይጻጻፍ ነበር። ሁለቱ እንግሊዞች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ሳይስማሙ ሲኖሩ፣ በሽተኛው አሜሪካዊ በተራራው ላይ ሆኖ ከሁለቱም ደብዳቤ ይቀበል ነበር። ከወንዝ ዳር ጨዋታ የተለየ ሰው ጨዋታውን በፖስታ አስመጣው ማለት ነው።

ምስክር የሌለው ዓሣ

በጥንት ጊዜ ሰው የያዘውን ዓሣ ይዞ ይገባ ስለ ነበረ ሚዛን ይመሰክርለት ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የዝንብ አጥማጆች የያዙትን ዓሣ መንጠቆውን ነቅለው በሕይወቱ ወደ ውኃው ይመልሱታል። ሊ ዉልፍ የተባለው አሜሪካዊ በ1939 እንደ ጻፈው፣ ጥሩ ዓሣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያዝ አይገባውም፤ ለሌላውም ሰው ደስታ ሊተርፍ ይገባል። ይህ ሐሳብ ወንዞቹን ጠቀመ። ጨዋታውን ደግሞ አከበደው። አሁን ምስክሩ ዋኝቶ ሄዷልና የቀረው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ተረቡ እንደ ችሎት ሆኖ ያገለግላል። አብዝቶ የሚያጋንነውን ሰው በሳቅ ይመልሱታል፤ እውነተኛውን ደግሞ በሳቅ ያምኑታል።

ይህ ጨዋታ ከዓሣ የሚከብድ ነገር እንደሚያነሣ የታየው በቅርብ ዘመን ነው። በ1996 በአሜሪካ በቬርሞንት ክፍለ ሀገር የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ወደ ወንዝ የሚወስድ ድርጅት ተቋቋመ። ዘንግ ሲወረውሩ ክንድና ትከሻ በቀስታ ስለሚንቀሳቀሱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የደረቀው ሰውነት ይፍታታል። በ2005 ደግሞ በዋሽንግተን በነበረው ዎልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል አንድ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን የቆሰሉ ወታደሮችን ዝንብ ማሰርና መወርወር ማስተማር ጀመረ፤ ሥራውም ከዚያ በኋላ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ።

አንባቢ ልብ ይበል። እጁን ያጣ ወታደር ከቤት ሲወጣ ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ የሚስቅበት ግን የለም። በወንዝ ዳር ግን ገመዱ ከዛፍ ሲጠላለፍ እንደ ማንኛውም ሰው ይጎነተላል፤ እርሱም መልሶ ይጎነትላል። በማዘንና በመቀለድ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የሚታዘንለት ሰው ከዳር ይቆማል፤ የሚቀለድበት ሰው ግን ከመካከል ይገባል።

ነጠብጣቡ እንግዳ በባሌ

ይህ ዓሣ ወደ እኛም አገር መጥቷል። ትራውት በተፈጥሮው የአፍሪካ ምድር ወገብ ዓሣ አይደለም። በ1905 ሜጀር ዩዋርት ግሮገን የተባለ እንግሊዛዊ ሎክ ሌቨን ከተባለው የስኮትላንድ ሐይቅ አስመጥቶ በኬንያ አበርዴር ተራሮች ጉራ በሚባል ወንዝ ውስጥ ጨመረው። ከኬንያ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ባሌ ተራሮች ተሻገረ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በዲንሾ አካባቢ፣ በዳንካ ጅረትና በወይብ ወንዝ ውስጥ ይኖራል። ወይብ ቁልቁል ወርዶ በዝነኛው በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ከተቋቋመ ወዲህ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ለማየት ከሚመጣው እንግዳ መካከል ዘንግ ይዞ የሚመጣም አለ።

ለእኛ ሰው ዓሣውም ዝንቢቱም እንግዳ ቢሆኑ ጨዋታው ግን እንግዳ አይደለም። በደቦ እርሻና በአጨዳ ላይ የሰነፈውን መጎንተል፣ ከተጎነተሉም በኋላ በአንድ ማዕድ መቀመጥ የቆየ ባህላችን ነው። ተረብ ሥራውን ያቀላል፤ ያላወቀውን ያስተምራል፤ የኮራውንም ያወርዳል። የተረበውን ሰው ከማዕዱ ሲያርቀው ግን ተረብነቱ ቀርቶ ስድብ ይሆናል። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ይወርውር ሲባል ደግሞ፣ በኢችን ወንዝ ዳር እንደ ታየው፣ ሳቁም ወዳጁም አብረው ይሄዳሉ። የኮተን ትንሽ የድንጋይ ቤት እስከ ዛሬ የቆመችው፣ የስኪውዝ መቀመጫ ደግሞ ከሞተ በኋላ የተተከለው ያለ ምክንያት አይመስለንም።

ከሩቅ አገር የመጣ አጥማጅ በዲንሾ ብርድ ወንዝ ዳር ቆሞ ከአንድ እረኛ ልጅ ጋር ቢገናኝ በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ? እንግዳው ኦሮምኛም አማርኛም አያውቅም፤ ልጁም የእንግዳውን ቋንቋ አያውቅም። ነገር ግን እንግዳው ሁለት እጁን ዘርግቶ «ይህን ያህል ነበር፣ አመለጠኝ» ቢል ልጁ ይገባዋል። እጆቹንም እያየ ይስቃል።